ሞታለች የተባለችው አስጎብኚ

ልጇ «በሳንባ በሽታ ነው፣ ብዙም አልተሰቃየሽም» ካላት ጀምሮ ሄራን ዓይኗን አልከደነችም፤ ጎኗን ስትለውጥ፣ ትራሱን ስትገለብጥ፣ ማራገቢያውን ስትከፍት ስትዘጋ አድራ በመጨረሻ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፣ አሁን ነግቷል፣ በሁለቱ ሆቴሎች መካከል በምታየው ጠባብ ክፍተት ባሕሩ ግራጫ ሆኗል፣ ፊቷን ታጥባ፣ ከንፈሯን ቀብታ ወደ ወደቡ መሄድ አለባት፣ መርከቡ ገብቷል፣ የኮሪያዋን ቡሳን ሊያዩ ከቻይና የመጡት ሰዎች ቁርሳቸውን እየበሉ ነው፣ እሷ ግን ገና የማታውን ስልክ ጆሮዋ ላይ የያዘች ያህል ናት። «እማ፣ በመስከረም ላገባ ነው» ነበር ያላት መጀመሪያ። ከአለቃዋ እንዴት ፈቃድ እንደምትጠይቅ፣ በየትኛው አውሮፕላን ልጇ ያለበት የቻይና ከተማ ዳልየን እንደምትገባ፣ የልጅቷን እናት እንዴት ብላ ሰላም እንደምትል በአንድ ትንፋሽ አሰበችው፤ ልጇ ጉክቾል ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። የልጅቷ ወላጆች የተከበሩ ሰዎች ናቸው፣ አባትየው የትምህርት ቤት ኃላፊ ነው፣ እናትህስ ብለው ጠየቁኝ፣ እኔም ሁልጊዜ የምለውን አልኳቸው። «ሁልጊዜ የምትለው ምንድን ነው?» በስልኩ ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ተሰማት፣ መንገድ ላይ ሆኖ ነው የሚደውልላት፣ ቤት ውስጥ ሆኖ አይደለም። «ሞታለች ነው የምለው። ከልጅነቴ ጀምሮ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ኮሪያ ሄዳ ቀረች ሲሉኝ የባሰ ነበር፣ ሞታለች ስላቸው ተዉኝ። አሁን እንዴት ብዬ ላስነሣሽ? አትቀየሚኝ።» አልቀየምህም አለችው። ደግ አድርገሃል አለችው። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማታውቀው ጥያቄ ከአፏ ወጣ፣ «በምንድን ነው የሞትኩት?» አለችው፣ እሱም እንደ ሐኪም ረጋ ብሎ መለሰላት።

ብዙም አልተሰቃየሽም። ይህንን የጨመረው ሊያጽናናት ነው ወይስ ለእነዚያ ሰዎች ሲነግር የለመደው አባባል ሆኖበት ነው? የአውቶቡሱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህንኑ ታመነዥካለች። ሾፌሩ ፔ ሳንግዶ የቡሳን ተወላጅ ነው፣ ሆዱ መሪውን የሚነካ፣ ማስቲካ ከአፉ የማይጠፋ፣ ለዓመታት አብራው የሠራች ሰው። ጎን ለጎን ተቀምጠው ነጩን መርከብ ያያሉ፣ መርከብ አይባልም ሰፈር ነው፣ በረንዳ በበረንዳ ላይ ተደርቦ፣ ከላይ መዋኛ፣ ከታች ሱቅ።

«ፊትሽ የዛሬ ዓሣ አይመስልም፣ የትናንት ነው» አላት ሳንግዶ።

«ሞቼ ነው፣ ጋሼ። በሳንባ።»

«ሞተሽም ከሚስቴ በላይ ታወሪያለሽ።» ሳቀ፣ የሞቀ የታሸገ የቡና ጣሳ ወረወረላት። ተሳፋሪዎቹ ደረታቸው ላይ የአውቶቡሱን ቁጥር ለጥፈው፣ ኮፍያና ጥላ ይዘው መውረድ ጀመሩ፣ እሷም ጫፉ ላይ አሻንጉሊት የባሕር ወፍ የታሰረበትን ዱላ አንሥታ ወረደች፤ ሰዎቿ የሚከተሉት ይህንን ወፍ ነው፣ ፊቷን ማንም አያስታውስም፣ ማምሻውን ሲሰነባበቱ እንኳ ለወፉ ነው እጃቸውን የሚያወዛውዙት።

በመርከብ የሚመጡ ሰዎች ቪዛ የላቸውም። በጣታቸው አሻራ ወርደው በጣታቸው አሻራ ይመለሳሉ፣ በመካከሉ ያለው ቀን የአስጎብኚው አደራ ነው፣ አንድ ሰው ቢጠፋ አስጎብኚው ከሥራ ይታገዳል፣ ድርጅቱም ይቀጣል፣ ስለዚህ ሄራን ሰው መቁጠር ልማዷ ሆኗል፣ ገበያ ስትሄድ ትቆጥራለች፣ አሳንሰር ውስጥ ትቆጥራለች፣ በሕልሟ እንኳ አንድ ሰው ይጎድልባታል። የድምፅ ማጉያውን ይዛ ወደ ቡሳን እንኳን በደህና መጣችሁ ትላለች፣ በስተቀኝ የምታዩት ረጅሙ ድልድይ ነው፣ ማታ ማታ መብራቱ ቀለም ይለዋውጣል፣ እናንተ ግን ማታ መርከባችሁ ላይ እየጨፈራችሁ ስለምትሆኑ አሁን በምናባችሁ አብሩት፣ ይስቃሉ፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይስቃሉ፣ እሷ ሞታለች፣ በሳንባ፣ የሞተች ሴት በስተግራ የፊልም ተዋንያን የሚያርፉበትን ሆቴል ታሳያለች፣ ስልኮች ሁሉ ወደ ግራ ይዞራሉ፣ ከአንድ በስተቀር።

ሴትየዋ ከኋላው በር አጠገብ ተቀምጣለች። ወጣት ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ድልድዩን ፎቶ አላነሣችም፣ ሆቴሉንም አላነሣችም፣ ዓይኗ የሚከተለው የከተማ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ በኮሪያኛ የተጻፈውን ነው፣ ከንፈሯም እያነበበች ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። የሰኔ ሙቀት አስፋልቱን እያቀለጠው ከሱሪዋ ሥር ሌላ ሱሪ አለ፤ ስትቀመጥ ብቅ ብሏል። ጫማዋ አዲስ ነው፣ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ሄራን ማጉያውን እንደያዘች ንግግሯ ተቋረጠባት። እሷም እንዲያ ነበር ያሰረችው። ከዓመታት በፊት ከቻይና መጥታ በጠፋችበት ቀን፣ በዚሁ ከተማ፣ ለኤግዚቢሽን ከመጡ ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅላ፣ ከሱሪዋ ሥር ሱሪ፣ ከሸሚዟ ሥር ሸሚዝ፣ ሽንት ቤት ልግባ ብላ ወጥታ በዓሣ ቤቶቹ መካከል ሮጠች፣ አንዲት የማታውቃት አሮጊት ጓዳዋ ውስጥ አስገባቻት፣ ከጓዳው ሆና ደግሞ የራሷን ስም በድምፅ ማጉያ ሰማች፣ ባንግ ሄራን፣ ባንግ ሄራን፣ አስጎብኚያቸው ወፍራሙ ሰውዬ አሸዋው ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ ይጣራል፣ ድምፁ መጀመሪያ የተቆጣ ነበር፣ ኋላ የሚለምን ሆነ፣ መጨረሻ ላይ እንደሚያለቅስ። ጉክቾል ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው። ለጥቂት ጊዜ ነው ብላዋለች፣ አያትህን አታስቸግር ብላዋለች፣ እሱም እሺ ብሎ ጫማዋን አምጥቶላታል፣ ለመሄጃዋ ጫማዋን ያቀረበላት እሱ ነው፣ ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ዐለቱ ላይ የተሠራው የቡድሃ መቅደስ ዘንድ አውቶቡሱ ቆመ። ሰዎቹ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን ደረጃ ይወርዳሉ፣ ለዕድል ብለው የድንጋይ ድስቱ ውስጥ ሳንቲም ይወረውራሉ፣ ማዕበሉ መቅደሱ እግር ሥር ሲፈርስ ጩኸታቸውን ይለቃሉ። ሴትየዋ ከሁሉም ኋላ ቀርታ የመውጫውን መንገድ ታያለች። ሄራን አጠገቧ ቆመች፣ ወፉን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ እዚህ አገር ስትናገር የምትደብቀውን የሰፈሯን፣ ቻይና ያሉ ኮሪያውያን የሚናገሩትን አነጋገር ለቀቀችው።

«ከየት ነሽ፣ እህቴ? ከሄሎንግ ነሽ ወይስ ከዮንግጆንግ?»

ሴትየዋ ደነገጠች። «ከሄሎንግ ገጠር» አለች በዚያው አነጋገር፣ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች፣ እንደ ሌሎቹ ጎብኚዎች በቻይንኛ መመለስ ነበረባት።

«ሁለት ሱሪ አይሞቅሽም?»

ሴትየዋ የላይኛውን ሱሪዋን ወደ ታች ሳበችው። አንዲት አሮጊት በመካከላቸው አልፋ የዕጣን እንጨት ለኩሳ ሄደች።

«ስምሽን አውቀዋለሁ፣ ኦም ሚርዮን ነሽ፣ ዝርዝሩ ላይ አይቼዋለሁ። አትፍሪ፣ ለፖሊስ አልናገርም። ልጅ አለሽ?»

«ሴት ልጅ። ሶልዋ ትባላለች፣ አራት ዓመቷ ነው።» ስሙን ስትጠራ ፊቷ ፈታ አለ፣ መልሶም ተጨማደደ። «እትዬ፣ አይተሽ እንዳላየሽ እለፊኝ። ባሌ ከሕንፃ ወድቆ ወገቡ ተሰብሯል፣ አይነሣም። አማቴ ናት ሁለቱንም የምትይዛቸው። እዚህ የሚቀበለኝ ሰው አለ፣ የባሌ የአጎት ልጅ፣ ከሰዓት ባሕር ዳር ይጠብቀኛል። ዓሣ ማጽዳት ነው ሥራው። ሁለት ዓመት ብቻ።»

ሁለት ዓመት ብቻ። ሄራንም እንዲያ ነበር ያለችው፣ ያ ሁለት ዓመት አሁን የት ነው ያለው፣ መጀመሪያ ከሠራችበት የሾርባ ቤት ጓዳ ወደ ሆቴል አንሶላ አንጣፊነት፣ ከአንሶላው ወደ ሕመምተኛ አስታማሚነት፣ የመኖሪያ ወረቀት አልነበራትም፣ ከወጣች አትመለስም፣ ካልወጣች ልጇን አታይም፣ በዚህ መካከል እናቷ ሞተች፣ ጎረቤት ስልኩን ከሬሳው አጠገብ ይዞላት ልቅሶውን ከአልጋዋ ላይ ሆና ሰማችው፣ ሲጨርሱ አንድ ጎርናና ድምፅ ስልኩን ተቀብሎ ሃሎ አለ፣ እሷም በትሕትና ማን ልበል አለች። እኔ ነኝ አላት። እኔ ማን? ጉክቾል። ድምፁ መቼ እንደተለወጠ አላወቀችም፣ የጎረመሰ ሰው ነው፣ የገዛ ልጇን ማን ልበል አለችው፣ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ መጣ፣ ሕጉ ተሻሻለ፣ ልጇን ልታይ ሄደች፣ በር ላይ አንድ ረጅም ልጅ እንደ እንግዳ አጎንብሶ ሰላም አላትና ሻንጣዋን ተቀበላት፣ የራት ምግቡን በልቶ ሲያበቃ አመሰግናለሁ አላት።

«ተመለሺ» አለቻት ሚርዮንን።

«ተመልሼ ምን ላብላት?»

«እኔም እንዲህ ነው የወጣሁት። ልጄ በመስከረም ያገባል። ለሙሽራዋ ወላጆች ምን እንዳላቸው ታውቂያለሽ? እናቴ ሞታለች ነው ያላቸው። ሰርጉ ላይ አልጠራም። በሕይወቱ የሌለሁ ሰው ነኝ። ያንቺዋም እንዲህ ትላለች፣ ሳታውቂው ድምፅዋ ይለወጣል፣ ማን ልበል ትያታለሽ።»

ሚርዮን ባሕሩን አየች፣ ከመጣች ገና አሁን ነው ያየችው። ከዚያ «ተምሯል?» አለቻት።

«ተምሯል። መሐንዲስ ነው።»

«ታዲያ» አለች ሚርዮን።

  ደረጃው ላይ ሰዎቿ በወፉ አቅጣጫ መሰብሰብ ጀምረዋል። ቆጠረች፣ ሁሉም አሉ፣ ከዚያ ምን እንደምታደርግ ሳታስብበት የሚርዮንን እጅ ያዘች፣ ጣቶቿን በጣቶቿ መካከል አስገብታ፣ እንደ ልብ ጓደኛ። አልለቀቀችም።

ያን ቀን ሙሉ አልለቀቀችም። በባሕሩ ዳር በምትሄደው ባለቀለም ትንሽ ባቡር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ፣ ሰዎቹ ከከፍታው ላይ ፎቶ እያነሡ ዋው ሲሉ ሁለቱ ሴቶች በላበ እጃቸው እንደተያያዙ ነበሩ። ምሳ ላይ ሄራን በአንድ እጇ ቀዝቃዛውን የስንዴ ኑድል በላች፣ ሚርዮን አልነካችውም። መዋቢያ መሸጫው ውስጥ ሻጮቹ ሚርዮንን ክሬም ቀቧት፣ ቆዳሽ ያምራል አሏት፣ እሷ መስተዋቱ ውስጥ ሄራንን ብቻ ታያለች። ሚርዮን ሽንት ቤት ስትገባ ሄራን በሩን ተደግፋ ቆመች፣ ከውስጥ የሚርዮን ድምፅ በቀስታ ይመጣል፣ እትዬ፣ በእናትሽ፣ እትዬ፣ በልጅሽ፣ ከዚያም ሶልዋ ካላየችኝ አትተኛም ነበር፣ ላስለምዳት ብዬ ሌላ ክፍል ማደር ከጀመርኩ ሰነበትኩ፣ እንዲያ አስለቅሻት አሁን በባዶ እጄ ልመለስ? ሄራን ግንባሯን በሩ ላይ አሳርፋ ትሰማታለች። ለምንድን ነው የምይዛት? ለሥራዬ ነው? ለሥራዬም ነው፣ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ማን ይቀጥረኛል። ለልጅቷ ነው? አላውቃትም። ያ ወፍራም ሰውዬ ያን ቀን ደርሶብኝ ቢሆን፣ በፀጉሬ ጎትቶ ቢመልሰኝ፣ ዛሬ ጉክቾል በቆሎ የሚሸጥ ሰው ይሆን ነበር፣ እናቴ እንዲህ ትላለች እንዲያ ታደርጋለች እያለ በየሰፈሩ የሚያማኝ፣ ሳንባዬም ደህና ይሆን ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ታናሽ እህት አገኘሽ?» አላት ሳንግዶ፣ ሁለቱንም አይቶ።

«የአገሬ ልጅ ናት፣ ጋሼ።»

ሳንግዶ የሚርዮንን ጫማ አየ፣ የሄራንን ፊት አየ፣ ማስቲካውን ማኘክ አቆመ። ለረጅም ጊዜ በዚህ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ነው። ምንም ሳይናገር የኋላውን በር ቆለፈው።

ሄውንዴ የባሕር ዳርቻ ላይ ሰው እንደ ጉድ ነው፣ ጥላዎቹ እስከ ውኃው ድረስ ተሰድረዋል፣ ከኋላቸው ረጃጅሞቹ የመስተዋት ሕንፃዎች ፀሐይዋን ወደ ሰው ዓይን መልሰው ይወረውራሉ። ሄራን ማጉያውን በትርፍ እጇ ይዛ ስለ ሕንፃዎቹ ትናገራለች፣ ከላይኛው ፎቅ የጃፓን ደሴት ይታያል፣ ዘፋኞች ይኖሩበታል፣ ማን ማን እንደሆኑ አትጠይቁኝ፣ ቤት አከራዮቼ ስላልሆኑ አልተዋወቅንም። ይስቃሉ። በዚህ መካከል የሚርዮን እጅ ጥብቅ አለባት። አይስክሬም መሸጫው አጠገብ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ቆሟል፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ አየችው፣ አያቸው፣ አንድ እርምጃ ተራመደ። ሄራን ዓይኗን ዓይኑ ላይ ተክላ ማጉያውን ከአፏ ሳታነሣ በቻይንኛ፣ በጣም ጮክ ብላ፣ ሁላችሁም ተጠጉ፣ ፎቶ እንነሣለን አለች፣ ሰዎቹም በደስታ ከበቧቸው፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ሚርዮን ከመሐል ሆነች፣ አንድ ሽማግሌ ስልኩን ዘርግቶ ፈገግ በሉ አለ። በዚያ ፎቶ ላይ ሁሉም ይስቃሉ። ሰውየው ትንሽ ቆሞ ሰዓቱን አየና በሕዝቡ መካከል ጠፋ፣ የሚርዮን እጅም ከዚያ በኋላ መታገሉን ትቶ ዝም ብሎ ሄራን እጅ ውስጥ ተቀመጠ፣ እንደ ደከመው ሕፃን እጅ።

ወደቡ ላይ ሰዎቹ ጣታቸውን ማሽኑ ላይ እያደረጉ አንድ በአንድ አለፉ። የሚርዮን ተራ ሲደርስ ሄራን ለቀቀቻት። መዳፏ ነጭ ሆኖ ተሸብሽቧል፣ ውኃ ውስጥ እንደቆየ። ሚርዮን ሁለት እርምጃ ሄዳ ዞር አለች፣ አላለቀሰችም፣ ድምፅዋም አልከፋም።

«ለሶልዋ ብለሽ አይደለም፣ እትዬ» አለች። «ለራስሽ ልጅ ነው ያደረግሽው። ሶልዋ ግን ያንቺ ልጅ አይደለችም።»

ከዚያ ጣቷን አስቀመጠች፣ ማሽኑ አረንጓዴ አበራ፣ ገባች።

በጋው በዚሁ ሄደ። መርከቦች መጡ፣ ሄዱ፣ ሄራን ድልድዩን አሳየች፣ ሆቴሉን አሳየች፣ መቅደሱ ጋ ስትደርስ ግን ደረጃውን መውረድ ትታ ከላይ ሆና መጠበቅ ጀመረች፣ ጉልበቴን ያመኛል አለች። ጉክቾል አልደወለም፣ እሷም አልደወለችም፣ ለሞተ ሰው አይደወልም፣ የሞተ ሰውም አይደውልም፣ አንዳንዴ ብቻ ስልኩን አንሥታ ስሙን ታይና መልሳ ታስቀምጠዋለች። በነሐሴ ከሌላ ድርጅት አውቶቡስ አንዲት ሴት መጥፋቷን ሳንግዶ ነገራት፣ ባሕር ዳር ላይ ነው፣ አስጎብኚው ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ነበር፣ አባረሩት። ከየት የመጣች ናት አላለችም፣ ስሟንም አልጠየቀችም። ያን ዕለት የቀረውን ጉዞ በሙሉ ማጉያውን ሳታነሣ ሄደች፣ ሳንግዶም ሬዲዮ ከፈተላት። የሰርጉ ቀን በመስከረም አንድ እሑድ ነበር። ቀኑን ያወቀችው ዳልየን ካለች የእናቷ ዘመድ ነው፣ ዘመዷም ከስንት ልመና በኋላ ነው የነገረቻት፣ እንዳትመጪ ብላ አስምላ። ያን እሑድ ሄራን የመዝናኛ ጀልባ ላይ ናት፣ አዛውንት ባልና ሚስቶችን ይዛ፣ ጀልባው በድልድዩ ሥር ሲያልፍ ርችት ይተኮሳል፣ ይህ የጉብኝቱ ክፍል ነው፣ ሁልጊዜም ይተኮሳል፣ አንዲት ባልቴት ክንዷን ይዛ ልጄ ዛሬ የማን ሰርግ ነው ብላ ጠየቀቻት፣ ሄራንም የማንም አይደለም እማማ፣ በትኬቱ ውስጥ ያለ ነው አለቻት፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታ ባሕሩን እንደምታይ ሆነች።

ብርዱ ገባ፣ ባሕር ዳሩ ባዶ ሆነ፣ መርከቦቹም እየተራራቁ መጡ። ሥራ በሌላት አንድ ከሰዓት ሄራን ቾንግሳፖ ወደሚባለው ትንሽ የአጥማጆች ወደብ ዝም ብላ ሄደች፣ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ሁለቱ የመብራት ማማዎች፣ ነጩና ቀዩ፣ ውኃውን ይዘው ቆመዋል፣ በዓሣ ቤቶቹ ጀርባ ባለው ግንብ ላይ አንዲት ሴት የጎማ ሽርጥ ለብሳ፣ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ስልክ ታወራለች። ድምፁን ከሩቅ አወቀችው። «አያትሽ አጠገብ ነሽ? እሺ ጆሮሽ ላይ አድርጊው። አሁን አይደለም፣ የኔ ማር። ብርዱ ሲያልፍ። አይ፣ ይኼኛው ሳይሆን የሚቀጥለው ብርድ... ሃሎ? ሶልዋ? ስጪያት እስቲ፣ አማቴ። ካርቱን ጀመረ? እሺ። ተያት፣ ትመልከት።» ሄራን እያንዳንዱን መልስ ከመባሉ በፊት ታውቀዋለች፣ አሁን ዝም ትላለች፣ አሁን ተያት ትላለች፣ አሁን ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የጨለመውን መስተዋት ታየዋለች፣ አየችው። ተመልሳ መሄድ ትችል ነበር። ሚርዮን ግን ቀና አለች።

አልተነሣችም፣ አልሸሸችም። በዓሣ ቅርፊት የተሸፈኑ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አነሣቻቸው። «እንዳትይዢኝ ብቻ፣ ይሸታሉ» አለች፣ ፈገግም አለች፣ ተጠግታም ቦታ ሰጠቻት። ከስታለች፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ከጣቶቿ ሁለቱ በፕላስተር ታስረዋል። ሄራን ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ አንድ ጀልባ መረቡን ሲያወጣ አብረው አዩ።

«ያ ልጅ፣ አስጎብኚው፣ ስሜን በማጉያ ሲጠራ ሰማሁት» አለች ሚርዮን። «አሁንም አንዳንዴ ይጠራኛል።»

«ይተውሻል» አለች ሄራን፣ እሷን ግን የዚያ ወፍራም ሰውዬ ድምፅ አልተዋትም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እውነቱን ንገሪኝ።» ሚርዮን ፕላስተሩን እየላጠች መልሳ ትለጥፈዋለች። «መቼ ትመጪያለሽ ማለቱን ልጅሽ የተወው መቼ ነው? ሶልዋ ዛሬ ራሷ አልጠየቀችኝም። እኔው ነኝ ያነሣሁት። ስንት ጊዜ ቆየና ነው የተወው?»

ሄራን ታውቀዋለች፣ የሚረሳ ነገር አይደለም፣ የሾርባ ቤቱ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መካከል ይዛ፣ ጉክቾል ስለ አንድ ድመት ነገራት፣ ድመቷ ወለደች አላት፣ ከዚያ እሺ ደህና ሁኚ አለ፣ እሷም ጥያቄውን ስትጠብቅ ስልኩ ተዘጋ፣ ረስቶት ነው አለች፣ በሚቀጥለውም ረሳው፣ በሚቀጥለውም፣ ከዚያ እንዳያስታውሰው መፍራት ጀመረች፣ ገና የመጀመሪያው ክረምት እንኳ አላለፈም ነበር። ሚርዮን ታያታለች። የዚች ሴት ዓይን ሁሉን ነገር ያያል፣ አውቶቡስ ማቆሚያውንም ያነባል።

«አልተወም» አለች ሄራን።

«እትዬ።»

«አልተወም ስልሽ። ሁልጊዜ ይጠይቀኝ ነበር።»

«ሞታለች ይላል አላልሽኝም? መቅደሱ ጋ?»

«እንድትመለሺ ብዬ ነዋ። ሌላ ምን ብል ትመለሻለሽ?» ሄራን ሳቀች፣ የማጉያ ሳቋ ነው፣ ድልድዩን በምናባችሁ አብሩት ስትል የምትስቀው፣ በደንብ ወጣላት። «ለሥራዬ ፈርቼ የዋሸሁሽ ነው። ይቅር በይኝ።»

 የሚርዮን ትከሻ ወረደ፣ ከነበረበት ከፍታ እስከ ቦታው ድረስ ወረደ፣ ለስንት ወር እንዲያ ሰቅላው እንደነበር እግዜር ይወቅ። «ውሸታም» አለች። «ውሸታም ነሽ፣ እትዬ። ስንት ሌሊት ነው ያስለቀስሽኝ።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፣ ቅርፊት ጉንጯ ላይ ቀረ። «ታዲያ አገባ? በመስከረም?»

«አገባ እንጂ። ሄጄ ነበር።»

«ንገሪኝ።»

ሄራን እጇን ኮቷ ኪስ ውስጥ ጨመረች። ምን ልበል ብላ አልተጨነቀችም፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይጠብቃት ነበር፣ የት እንደነበረ ባታውቅም። ሰማያዊ የሐር ልብስ ለብሳ ነው የሄደችው፣ ለሙሽራው እናት እንደሚገባ፣ የሙሽራዋ እናት ደግሞ ሮዝ፣ ሁለቱ ተያይዘው ገብተው ሻማውን ለኩሰዋል፣ የልጅቷ እናት ክብሪቱን መጫር ስላቃታት እሷ ናት የረዳቻት። በትልቁ ገበታ ላይ ቀይ በርበሬ በአፉ የያዘ የተቀቀለ ዶሮ፣ የሩዝ ኬክ እንደ ግንብ ተደርድሮ፣ ሙሽራው ሩዙ ውስጥ የተደበቀውን እንቁላል ሲያገኝ ሁሉም ሳቁ። አባትየው ንግግር አደረገ፣ ረጅም ነበር፣ የትምህርት ቤት ኃላፊ ስለሆነ። ሚርዮን ጉልበቷን አቅፋ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትሰማለች፣ ነፋሱን ረስታዋለች፣ ከዓሣ ቤቱ አሠሪዋ አንዴ ጠራቻት፣ መጣሁ አለች፣ አልተነሣችም።

«ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ልጄ ጽዋ ቀድቶ ፊቴ ተንበረከከ» አለች ሄራን። «በሁለት እጁ ሰጠኝ። እናቴ አለ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ።»

«እናቴ አለ?»

«እናቴ አለ። ከዚያ ለእንግዶቹ ዞሮ፣ ከሩቅ ነው የመጣችው አላቸው።»